«ልቤ ይመታል» ለሚሉ ሁሉ

የሰው ልብ በአንድ ቀን ውስጥ ወደ 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል፤ ባለቤቱ ግን ዘወትር አይሰማውም። አንዳንድ ጊዜ በድንገት ድው ድው ሲል፣ ሲፈጥን፣ ወይም አንድ ምት የዘለለ ሲመስል ይሰማል። በዚህን ጊዜ አንዱ «ሞቴ ቀረበ» ብሎ ይሸበራል፤ ሌላው ደግሞ «ያልፋል» እያለ የእውነተኛ ሕመምን ምልክት ይንቃል። ሁለቱም ይጎዳሉ። ስለዚህ ጉዳት የሌለውን ከአደገኛው መለየት ያስፈልጋል።

፩. መንሥኤው
የመዝለል ስሜት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ልብ ከጊዜው ቀድሞ አንድ ተጨማሪ ምት ሲመታ ነው። ከዚያም ጥቂት ቆም ይልና የሚቀጥለውን በኃይል ይመታል። ይህ በጤናማ ልብ ላይ ሲሆን በአብዛኛው አያሰጋም። ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ቡና፣ ጫት፣ ሲጋራና አልኮል ያባብሱታል። ትኩሳት፣ የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራትም ልብን ያፈጥናሉ፤ ያን ጊዜ መታከም ያለበት መንሥኤው ራሱ ነው።

፪. በአካባቢያችን
ዋጃ በቆቦና በአላማጣ መካከል የምትገኝ ቆላ ናት። በማሽላው እርሻ ላይ በፀሐይ የዋለ ሰው በላቡ ውኃና ጨው ያጣል፤ ልቡም ጉድለቱን ለመሸፈን ይፈጥናል። በዚያ ላይ በባዶ ሆድ ቡና ቢጠጣ፣ ከሰዓት በኋላ ጫት ቢጨምርበት፣ ሌሊቱንም እንቅልፍ ቢያጣ ልቡ መደለቁ አያስደንቅም። መድኃኒቱም ከቤት ይጀምራል፤ ይኸውም ውኃ በየጊዜው መጠጣት፣ ከቡና በፊት እህል መቅመስ፣ ጫትን መተው፣ በጊዜ መተኛት ነው። ቡና ጎረቤት የሚገናኝበት ነውና ከሥርዓቱ መቅረት አያሻም፤ ወፍራሙን አቦል ትቶ ቀጠን ያለውን በረካ መጠጣት ይቻላል። ለሁለት ሳምንት እንዲህ አድርጎ ለውጡን መመልከት ይገባል።

፫. ምርመራው
ልብ ሲመታ ተቀምጦ፣ ሁለት ጣት በእጅ አንጓ ላይ አኑሮ፣ ምቱን ለአንድ ደቂቃ መቁጠር ይጠቅማል። ዐዋቂ ሰው ባረፈበት ጊዜ የተለመደው ከ60 እስከ 100 ነው። ቁጥሩንና ሰዓቱን ጽፎ ለሐኪም ማሳየት ምርመራውን ያቀልለታል። የልብ ምት በኢ.ሲ.ጂ. መሣሪያ ይመረመራል።

ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው። የእግር እብጠት ያለበት፣ ሥራ ላይ ሳለ ልቡ የሚደልቅበት፣ ከቤተ ሰቡ በድንገት የሞተ ያለበት ሰውም ሊመረመር ይገባዋል። በልጅነቱ ከጉሮሮ ሕመም በኋላ መገጣጠሚያው ያበጠበትም እንዲሁ፤ ይህ ሕመም የልብን በሮች የሚያበላሽ ነውና።

፬. መድኃኒቱ
ብዙዎች «ልብህ ጤነኛ ነው» መባሉ ብቻ ይበቃቸዋል። ስሜቱ ኑሮን ካወከ ግን ሐኪሙ እንደ ፕሮፕራኖሎል ያለ የልብን ፍጥነት የሚያበርድ ክኒን ሊያዝ ይችላል። አስም ያለበት ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ መናገር አለበት፤ መድኃኒቱ ትንፋሹን ሊያጠብበት ይችላልና። ዘወትር የሚወስደውም በገዛ ፈቃዱ በድንገት ማቋረጥ የለበትም። ለጎረቤት የታዘዘውን ክኒን መዋስ ደግሞ አደጋን መዋስ ነው።

ለመወያያ፦
ሀ. ከቤታችን ልማድ ልብን የሚያፈጥነው የትኛው ነው?
ለ. ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱት ምልክቶች የትኞቹ ናቸው?