ሲታነቅ አትግፉት

ቅዳሜ፣ የላሊበላ ገበያ በሚደምቅበት ሰዓት፣ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ የሚሆነውን የማያውቅ የላስታ ሰው የለም። ከገጠር የመጣው አህያውን አስሮ፣ ከተሜው ጆንያውን ግድግዳ አስደግፎ ተራውን ይጠብቃል። ወፍጮ ደግሞ መታነቅ ሲያምረው የሚታነቀው ሁሉም በቸኮለበት በዚህ ሰዓት ነው። ድምፁ ይከብዳል። ዱቄቱ ይሻክራል፣ አለዚያም እጅ እስኪፈጅ ይሞቃል። ቺንጋው የተቃጠለ ጎማ መሽተት ይጀምራል። ሰልፈኛው ያጉረመርማል።

ወፍጮው ላይ የቆመው ልጅ በዚህ ጊዜ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው መግፋት ነው፤ እህሉን በእንጨት መጎርጎር፣ ድንጋዩን ይበልጥ ማጥበቅ፣ ሞተሩን ማስጮህ። ሁለተኛው እህሉን መዝጋት፣ ሞተሩን ማጥፋት፣ ከዚያ ከዱቄቱ መውጫ ተነስቶ እህሉ ወደሚገባበት ወደ ላይ እየተመለሱ መፈለግ ነው። እኔ ይህን ሁለተኛውን ልጅ ከልቤ አደንቀዋለሁ። ይህን ልማድ የያዘ ሰው ነገ የራሱንም ኑሮ መጠገን አያቅተውም።

እስቲ አብረነው ወደ ላይ እንውጣ። ዱቄቱ ሻክሯል እንበል። ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው "ድንጋዮቹ ተራርቀዋል፣ ይጥበቁ" የሚለው ነው። ሊሆን ይችላል። ግን ቀደም ብሎ የተፈጨው በቆሎ ቢሆንስ? የበቆሎ ፍሬ ትልቅ ስለሆነ እህሉን የሚቆጥበው ተንሸራታች ቆርቆሮ ሰፋ ተደርጎ ተከፍቶ ነበር። አሁን የገባው ጤፍ ነው። ጤፍ ከምናውቃቸው እህሎች ሁሉ ደቃቁ ነውና በዚያው ቀዳዳ ያለ ከልካይ ይፈሳል፤ ድንጋዩ ከሚችለው በላይ ይጎርፍበታል፤ ገሚሱም ሳይደቅ ያልፋል። ዱቄቱ ሻክሮ የታየው ከታች ነው፤ ጥፋቱ የተሠራው ግን ከላይ፣ እህሉ ሲለወጥ ቆርቆሮው ባለበት ሲቀር ነው። በዚህ መሐል ድንጋዩን ያጠበቀ ሰው ሌላ ችግር ወለደ። ድንጋይ ከድንጋይ ይፋተጋል፣ ዱቄቱ ይግላል፣ የድንጋይ ብናኝም ይቀላቀልበታል። አሁን ሁለት ጥፋት ሆነ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ስለሚሸፍነው ፍለጋው ከበፊቱ ይከብዳል።

እህሉ ራሱ እርጥብ ሊሆንም ይችላል። በክረምት የመጣ ወይም ታጥቦ በደንብ ያልደረቀ ገብስ ከእህል መያዣው ሣጥን አፍ ላይ ተያይዞ ይቆማል፤ ከላይ ሞልቶ እያለ ከታች ጠብ የሚል ነገር የለም። እንደምንም የወረደውም በድንጋዩ ቦይ ውስጥ ይለጠፋል። ለዚህ እህል መድኃኒቱ ፀሐይ ብቻ ነው። "እማማ፣ ይህ ገብስ ገና ፀሐይ ይቀረዋል፤ ቢያሰጡት ይሻላል" ብሎ በሰልፈኛ ፊት መናገር ድፍረት ይጠይቃል፤ የአንድ ሰው ሒሳብም ያስቀራል። ሆኖም ያቺ እናት በሚቀጥለው ገበያ እህሏን ይዛ የምትመጣው እውነቱን ወደ ነገራት ልጅ ነው።

ከዚያ ድንጋዩ አለ። በእጅ ወፍጮ የኖሩ እናቶቻችን ይህን ከማንም መሐንዲስ ቀድመው ያውቁታል። መጁ እየተንሸራተተ እህሉን ማድቀቅ ሲሳነው ጉልበት መጨመር ወገብን ከመቁረጥ በቀር እንደማይፈይድ ገብቷቸው ወፍጮውን ይወቅሩት ነበር፤ የለሰለሰውን ገጽ በሹል መሣሪያ እየነቀሱ ሸካራ ያደርጉታል። የሞተር ወፍጮም ከዚህ አይወጣም። በሚዞረውና በማይዞረው ድንጋይ ፊት ላይ ከመሐል ወደ ዳር የሚሄዱ ቦዮች አሉ፤ እህሉን እየቆረጡ ወደ ውጭ የሚያወጡት እነሱ ናቸው። ቦዮቹ ሲሞሉ ወይም ሲያልቁ ድንጋዩ ማሸት እንጂ መፍጨት አይሆንለትም። ሞተሩ ይደክማል፤ ናፍጣው ያልቃል፤ ከታች የሚወጣው ዱቄት ትኩስና ሻካራ ይሆናል። ድንጋዩን አውርዶ መውቀር ሰዓታት ይወስዳል፤ በዚያን ጊዜ ሳንቲም አይገባም። ብዙዎች ነገ ዛሬ እያሉ የሚያሳድሩትም ለዚህ ነው። እኔ ግን ለመወቀር የቆመን ወፍጮ ሥራ ፈት አልለውም። ሙያ ለመማር ለጥቂት ወራት ከደመወዝ የቀረችን ወጣት፣ ያልገባውን ትምህርት እንደገና ከሥር የጀመረን ተማሪም ሥራ ፈት አልላቸውም። ነገ የሚፈጩት ዛሬ በመቆማቸው ነው።

የላስታ ደጋ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው የራሱ ጉዳይ አለው፤ ትንሽ ልቆይበት። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። በከተማዋ ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ጠለል ላይ ካለው ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ነዳጁን የሚያቃጥለው በአየር ነው። አየር እያመቀ የሚያስገባለት ቱርቦ ከሌለው በላዩ ላይ የተጻፈውን የፈረስ ጉልበት እዚህ ሙሉውን አይሰጥም። ቆላ ላይ ያለ ችግር ይፈጭ የነበረ ሞተር ደጋ ሲወጣ በዚያው የእህል መጠን ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ይንገዳገዳል። ባለቤቱ "የተበላሸ ሸጡልኝ" ይላል። ፓምፑን ያስፈታል፤ ኖዝሉን ያስለውጣል፤ በጋሸና በኩል ወልድያ ድረስ ለመለዋወጫ ይመላለሳል። ሞተሩ ግን ጤነኛ ነው። የፈለገው እህሉ ቀነስ ተደርጎ እንዲሰጠውና የአየር ማጣሪያው ከዱቄት ብናኝ እንዲጸዳለት ነበር።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ከፍታውን ማንም ዝቅ ሊያደርገው አይችልም። ቆርቆሮውን ግን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በሁለት ጣቱ ያጠብበዋል። ኑሮም እንዲሁ ነው። ላሊበላ በ2012 በኮሮና ወረርሽኝ፣ ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በሰሜኑ ጦርነት እንግዶቿን ስታጣ አስጎብኚው፣ የሆቴል ሠራተኛዋ፣ በቅሎ አከራዩ በአንድ ጊዜ ገቢያቸው ተቋረጠ። ይህን ስንፍና የሚል ሰው ግፍ ይናገራል። ያ ከፍታው ነው፤ በእነሱ እጅ አልነበረም። በእጃቸው የነበረውን ግን ፈልገው ያገኙ ብዙዎች ናቸው፤ ዛሬም የሚፈልግ አለ። እንግሊዝኛ ወይም ጣሊያንኛ የሚያቀላጥፍ አስጎብኚ ቋንቋውን ለልጆች ማስተማር ይችላል። ሆቴል ውስጥ ሒሳብ ስትይዝ የኖረች ሴት የሦስት ባለ ሱቆችን ሒሳብ መያዝ ትችላለች። ገቢው እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል። ሞተሩ ግን አልጠፋም፤ የሚገባለት ተመጠነ እንጂ።

በመብራት የሚሠራውን ወፍጮ በአጭሩ ልለፈው። ሞተሩ እያጉረመረመ አልዞርም ካለ ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ እንደዚያ እያለ ደጋግሞ ማስነሳት በውስጡ የተጠመጠመውን ሽቦ ያቃጥለዋል። አጥፉትና የመብራት ባለሙያ ጥሩ። እዚህ ላይ ጀግንነት አያስፈልግም።

ጥፋቱ ከላይ ሆኖ ከታች መታየቱ የወፍጮ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ ጥይት በሚሞላ ማሽን ላይም አለ። አያቶቻችን ውጅግራ የሚሉትን ጠመንጃ ፈረንሳዮች የሠሩት እ.ኤ.አ. በ1874 ነው። የዋጉ ገዥ ዋግሹም ጓንጉል በ1888 ዓ.ም. ጦራቸውን ይዘው ወደ ዓድዋ በዘመቱበት ዘመን የዚህ ጠመንጃ ጥይት በየገበያው ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን መገበያያ ነበር። ተተኩሶ የቀረው ባዶ ቀለህም ዋጋ ነበረው፤ ባሩድና እርሳስ እንደገና ይሞላ ነበርና። ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ የዒላማ ተኩስ ስፖርተኞች ለዚሁ ሥራ ክብ ማሽን አላቸው። እጀታው አንድ ጊዜ ሲሳብ በዙሪያው የተደረደሩት ቀለሆች ሁሉ አንድ አንድ እርምጃ ያልፋሉ፤ አንዱ ቦታ ላይ ቅርጻቸው ይመለሳል፣ ሌላው ቦታ ላይ በተኩስ ግፊት የተለጠጠው አፋቸው ይከረከማል። የሚያማርሯቸውም ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ቀለሁ ተዛብቶ ይወርዳል፣ የተከረከመውም ርዝመቱ እኩል አይሆንም። ርዝመቱ ሲለያይ ሰው ምላጩን ያስተካክላል፤ አልሆን ሲለው ደግሞ ያስተካክላል። ምላጩ ግን ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው። ቀለሆቹን የያዘው ሳህን አንዳንዱ ቦታ ባዶ ሲሆን ጫናው ያዳላበታል፤ የፀጉር ውፍረት ያህል ዘንበል ሲል ርዝመቱ ይለወጣል። ሁሉም ቦታ ሞልቶ ሲሄድ መጠኑ ይረጋል። ተዛብቶ የሚወርደውም አብዛኛውን ጊዜ ለሌላ መጠን የተሠራ ማስተላለፊያ ስለተገጠመ ወይም የተለያየ ቀለህ ተደባልቆ ስለገባ ነው፤ በበቆሎ ቀዳዳ ጤፍ መልቀቅ ማለት ነው። እጀታው እንቢ ሲል በጉልበት የሚጫን ሰው ቀለሁን ያጨፈልቀዋል። ባሩድ ባለበት ሥራ ላይ ደግሞ መዘዙ ከኪሳራ ያልፋል፤ ስለዚህ ሥራውን የሚያውቁት እጃቸው ትንሽ እንቢታ ሲሰማው ወዲያው ያቆማሉ።

በራሳችን ከተማም የታየ ነገር አለ። የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት ከላይ ወደ ታች ተወቅረው የወጡ ናቸው። ጣሪያው ላይ የተሳተ ነገር ከሥሩ ላለው ሁሉ ይተርፋልና የጣሪያው ተዳፋትና የውሃው መውረጃ ገና ከመጀመሪያው ታስቦባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከአብያተ ክርስቲያናቱ አንዳንዶቹ ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀቡ። ሐሳቡ ድንጋዩን ከዝናብ ለመጠበቅ ነበር፤ ቅቡ ግን እርጥበቱን ውስጥ አፈነው። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የመራው ሥራ ያንን ቅብ በትዕግሥት አነሳና ወደ ስንጥቁና ወደ ውሃው መንገድ ተመለሰ። እነዚያን ሰዎች የማደንቃቸው በቀደመው ሥራ ላይ ሌላ ቅብ ስላልደረቡበት ነው። መጀመሪያ የተደረበውን አነሱ፤ ከዚያ ውሃውን ተከተሉ።

እኛስ? በአስራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስ የወደቀ ልጅ ያለው ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ የፊዚክስ አስጠኚ ይቀጥራል። ልጁን ክፍልፋይ አሠርታችሁ ታውቃላችሁ? ፊዚክሱ የታነቀው አምስተኛ ክፍል ላይ በቀረ ሒሳብ ሊሆን ይችላል፤ ያ ከሆነ የሁለት ሳምንት ሥራ የዓመቱን ይፈታዋል። ሁልጊዜ ጠዋት የሚያረፍድ ሠራተኛ ማንቂያ ደወሉን ያበዛል፤ ነገሩ ያለው ግን ማታ ስልኩ ላይ ነው። ብሩ በወር አጋማሽ የሚያልቅባት እናት የመጨረሻዎቹን ቀናት ትጨናነቃለች፤ ወጪው የተወሰነው ግን ደመወዝ በወጣ በሦስተኛው ቀን ነው። ይህ ሁሉ ደስ የሚል ዜና ነው! ከታች የተራራ ያህል የከበደው ነገር መነሻው ላይ ሲደርሱበት አንዳንዴ በሁለት ጣት የሚዘጋ ቆርቆሮ ሆኖ ይገኛል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ፤ ስታስተካክሉ አንድ አንድ ብቻ አድርጉ። ድንጋዩንም ቆርቆሮውንም ቺንጋውንም በአንድ ጊዜ የነካ ሰው ወፍጮው ቢስተካከል እንኳ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ቆርቆሮውን ብቻ አጥብቡ፤ አንድ ቁና ፍጩ፤ ዱቄቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል አሽታችሁ ተመልከቱ። ካልተለወጠ ቆርቆሮውን ወደ ነበረበት መልሳችሁ ወደ ድንጋዩ ሂዱ። የሆነውን በእስክሪብቶ ጻፉት፤ የእህሉን ዓይነት፣ የቆርቆሮውን ልክ፣ የዱቄቱን ጠባይ። አንዲት ትንሽ ደብተር ሠራተኛውን ባለሙያ ስታደርገው ይታየኛል፤ ምክንያቱም በላስታ መንገድ መለዋወጫ እስኪመጣ መጠበቅ የሚያስከፍለውን እዚያ የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል፤ ሞተሩን ሳይፈታ ጥፋቱን የሚያገኘው ሰው ደግሞ በየቀበሌው ይፈለጋል።

ሙያ የምትፈልጉ የላሊበላ፣ የሹምሸሃ፣ የብልባላ ወጣቶች፣ ሰፈራችሁ ያለው ወፍጮ ድንጋዩ የሚወቀርበትን ቀን ባለቤቱን ጠይቁና በዚያ ቀን ሄዳችሁ አግዙ። ድንጋዩ ወርዶ ፊቱ የሚታየው፣ ቦዮቹ በእጅ የሚዳሰሱት፣ ኩሽኔታው የሚፈተሸው በዚያ ቀን ብቻ ነው። መውቀሪያውን ለመያዝ ስትጠይቁ ዓይናችሁን የምትከልሉበት መነጽር ይዛችሁ ሂዱ፤ ፍንጣሪው ይዘላል። ከተወቀረ በኋላ የሚወጣውን የመጀመሪያውን ዱቄት ለሰው አትስጡ፤ የድንጋይ ብናኝ አለበትና ጥቂት የማይበላ እህል አስቀድማችሁ አሳልፉበት።