ወንጌል ወደ አክሱም ከተማ እንዴት ገባ

የሚነበበው ክፍል፦ የሐዋርያት ሥራ 11፥19-26



ከላይ ያመለከትነው ክፍል ስለ አንጾኪያ ይናገራል። አንጾኪያ ብዙ ጣዖታት የሚመለኩባት ታላቅ የንግድ ከተማ ነበረች። በዚያ ለነበሩት ግሪኮች የጌታን ስም አስቀድመው የነገሩአቸው ሐዋርያት አልነበሩም፤ በስደት ተበትነው የመጡ፣ ስማቸው እንኳ ያልተጻፈላቸው የቆጵሮስና የቀሬና ሰዎች ነበሩ። የኢየሩሳሌም ማኅበርም ይህን በሰማች ጊዜ በርናባስን ላከች። እርሱም ሳውልን ከጠርሴስ ፈልጎ አመጣው፤ ሁለቱም አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ አስተማሩ። እንግዲህ በዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን ተያይዘው እናገኛቸዋለን፤ የተበተኑት ይመሰክራሉ፤ በቤቷ ያለችው ማኅበር ደግሞ ትልካለች።

ይህ ነገር በአገራችንም ምድር ሆኖአል። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን ወንጌል ወደ አክሱም ከተማ እንዴት እንደ ገባ እንመለከታለን። ይህን የምናደርገው የቀድሞውን ነገር ለማወቅ ብቻ አይደለም። የምድር ባቡር ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ከደጋው ለሥራ ወደ ጅቡቲ የሚወርዱ ወገኖች ብዙዎች ናቸው። ከእነርሱም አንዳንዶቹ በጋቦዴም ሆነ በሌላው ሰፈር፣ ከሙቀቱና ከእንግድነቱ ጋር፣ ጥቂት ክርስቲያኖች ሆነው ይኖራሉ። የእነርሱን ነገር በልባችን ይዘን እናንብብ። በዚህ ትምህርት የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ. ከተማይቱ

በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አክሱም ኃያልና ባለጠጋ ከተማ ነበረች። ስለ ኤርትራ ባሕር ንግድ በ1ኛው መቶ ዓመት በግሪክ ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ እንደሚናገረው፣ ከአዱሊስ ወደብ እስከ አክሱም ያለው መንገድ ስምንት ቀን ያስኬድ ነበር፤ የዝሆን ጥርስም ወደ ባሕር የሚወርደው በዚያ ነበር። ነገሥታቷ ከ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ጀምሮ በስማቸው ገንዘብ ያሠሩ ነበር። እስከ ዛሬ የምናያቸው ታላላቅ ሐውልቶች የመቃብር ምልክቶች ናቸው፤ ወድቆ የተሰበረው ትልቁ 33 ሜትር ያህል ርዝመት አለው።

ንጉሡም የማሕረም ልጅ ተብሎ ይጠራ ነበር። ማሕረም የጦርነት አምላክ ነው፤ ከእርሱም ጋር አስታር፣ ብሔርና ምድር የሚባሉ አማልክት ይመለኩ ነበር። እንግዲህ በዚያ ዘመን አምልኮን መለወጥ ቀላል ነገር እንዳልነበረ እናስተውል። የንጉሡ ክብር፣ የጦሩ ድል፣ የአባቶች መቃብር ሁሉ ከአማልክቱ ጋር የተሳሰረ ነበር።

2ኛ. ሁለቱ ምርኮኞች

ወደዚህች ከተማ እግዚአብሔር የላካቸው ሁለት ልጆች ነበሩ። ታሪካቸውን በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የጻፈው ሩፊኖስ ነው፤ እርሱም ከሁለቱ ከአንዱ አፍ እንደ ሰማው ይመሰክራል። ሜሮፕዮስ የሚባል የጢሮስ ፈላስፋ ፍሬምናጦስንና ኤዴስዮስን ይዞ በመርከብ ወደ ሩቅ አገር ተጓዘ። ሲመለሱም መርከቢቱ ውኃና ስንቅ ለመያዝ ከአንድ ወደብ ገባች። በዚያን ጊዜ የአገሩ ሰዎች ከሮም መንግሥት ጋር የነበራቸው ውል ፈርሶ ነበርና በመርከቢቱ የነበሩትን ገደሉአቸው። ሁለቱ ልጆች ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ፤ ስለ ራሩላቸውም ወደ ንጉሡ ወሰዱአቸው።

ንጉሡ ኤዴስዮስን የመጠጥ አሳላፊው አደረገው፤ ፍሬምናጦስን ግን አስተዋይ ሆኖ ስላገኘው መዝገቡንና ጽሕፈቱን አደራ ሰጠው። ንጉሡ በሞተ ጊዜ ልጁ ገና ሕፃን ነበረ፤ ንግሥቲቱም ልጅዋ እስኪያድግ ድረስ የመንግሥቱን ሥራ እንዲያግዙአት ለመነቻቸው። ዘመዶቻቸውንና ወዳጆቻቸውን የገደሉባቸውን ሰዎች ቤት በታማኝነት ጠበቁ። በአክሱም የመጀመሪያው ስብከት ይህ ነበር ብንል አንሳሳትም። ሂሳቡ ያልጎደለ፣ አደራውን ያልበላ፣ በቀልን ያልፈለገ ሰው በቃል ሳይናገር እንኳ ይሰማል።

3ኛ. የጸሎት ቤቶች

ፍሬምናጦስ ሥልጣን ባገኘ ጊዜ ያደረገውን ነገር በጥንቃቄ እንመልከት። ሕዝቡን በትእዛዝ አላስጠመቀም፤ የአማልክቱንም ምስል አላፈረሰም። ከሮም ግዛት ከመጡት ነጋዴዎች መካከል ክርስቲያኖች እንዳሉ ጠየቀ፤ ባገኛቸውም ጊዜ በየስፍራው የሚጸልዩበትን ቤት እንዲሠሩ አበረታታቸው፤ ቦታና የሚያስፈልጋቸውን ነገር ሰጣቸው።

እነዚያ ነጋዴዎች እነማን ነበሩ? ስማቸውን ማንም አልጻፈም። ለትርፍ ሲሉ ባሕር የተሻገሩ፣ ዕቃቸውን ሽጠው ወደ ቤታቸው ለመመለስ የሚቸኩሉ ሰዎች ነበሩ። ሰብሳቢ ባያገኙ ኖሮ እያንዳንዱ ብቻውን ጸልዮ፣ ወይም ጸሎቱን ትቶ ባለፈ ነበር። አንድ ሰው ግን ፈለጋቸው፣ ሰበሰባቸው። ተበትኖ የነበረው ፍም አንድ ላይ ሲሆን ነደደ። እንግዲህ በአክሱም የክርስቲያን ማኅበር የተጀመረው ንጉሡ ከማመኑ በፊት፣ በመጻተኞች ትንሽ የጸሎት ቤት ነው።

4ኛ. ከነጻነት በኋላ

ሕፃኑ አድጎ መንግሥቱን ተቀበለ፤ ይህም ኢዛና እንደ ሆነ ይታመናል። በዚያን ጊዜ ንግሥቲቱና ልጅዋ እንዲቀሩ ቢለምኑአቸውም ሁለቱ ወጡ። ኤዴስዮስ ወላጆቹንና ዘመዶቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ሄደ። በዚህ ልንነቅፈው አይገባም፤ በዚያ ቄስ ሆነ፤ ይህንም ታሪክ ለሩፊኖስ የነገረው እርሱ ነውና። ፍሬምናጦስ ግን አገሩን ሳያይ ወደ እስክንድርያ ወረደ። የጌታን ሥራ መሰወር አይገባም ብሎ ነበርና ከ328 ጀምሮ የዚያች ከተማ ጳጳስ ወደነበረው ወደ አትናቴዎስ ገብቶ የሆነውን ሁሉ ነገረው፤ ለተሰበሰቡት ክርስቲያኖችና ለተሠሩት ቤቶች የሚገባ እረኛ እንዲልክም ለመነው።

አትናቴዎስ ካህናቱን ሰብስቦ መከረ። ከዚህ ሰው ይልቅ ለዚህ ሥራ የሚሆን ማን ይገኛል ብለው ፍሬምናጦስን ራሱን ጳጳስ አድርገው ሾሙት፤ መልሰውም ላኩት። ሌላ እንዲላክ የለመነው ሰው ራሱ ተላከ። የአገራችን ሰዎችም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብለው ጠሩት።

5ኛ. መስቀል በገንዘብና በድንጋይ ላይ

የሆነውን ለውጥ በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በእጃችን በምንዳስሰው ነገር እናውቃለን። በኢዛና የመጀመሪያ ገንዘቦች ላይ የቀድሞው አምልኮ ምልክት የሆኑት ጨረቃና ክብ ቅርጽ ይታያሉ፤ በኋለኞቹ ላይ ግን በእነርሱ ፈንታ መስቀል ገባ። በመጀመሪያዎቹ የድንጋይ ጽሑፎቹ ራሱን የማሕረም ልጅ ብሎ ይጠራል፤ በኋላ የሰማይን ጌታ ያመሰግናል፤ በአንድ የግሪክ ጽሑፉም በአብና በወልድ በመንፈስ ቅዱስም ማመኑን በግልጥ ይናገራል።

ነገር ግን ልንሳሳት አይገባም። ንጉሡ የሰማይን ጌታ በሚያመሰግንበት በዚያው የግዕዝ ጽሑፍ ሕዝቡን በጽድቅ ለመግዛት ቃል ሲገባ፣ በጦርነት የተገደሉትንና የተማረኩትንም ይቈጥራል። ከየሐ አጠገብ ቤተ ሰማእቲ በሚባለው ስፍራ የቈፈሩ ሊቃውንት በ4ኛው መቶ ዓመት የተሠራ የቤተ ክርስቲያን መሠረት እንዳገኙ በ2019 ገልጠዋል፤ በዚያም መስቀል የተቀረጸበት የድንጋይ ጌጥ ከበሬ ምስሎች ጋር ተገኝቶአል። አሮጌውና አዲሱ በአንድ ቤት ጐን ለጐን ነበሩ ማለት ነው። መስቀልን በገንዘብ ላይ ማተም በአንድ ንጉሥ ዘመን ይፈጸማል፤ በልብ ላይ መታተሙ ግን የብዙ ትውልድ ሥራ ነው። እምነቱ ወደ ገጠሩ ሕዝብ በሰፊው የደረሰው ቅዱሳት መጻሕፍት ወደ ግዕዝ ሲመለሱና በ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ6ኛው መቶ ዓመት ዘጠኙ ቅዱሳን በየተራራው ሲያስተምሩ ነው።

6ኛ. የተፈተነው ምስክርነት

ሌላም ፈተና ነበረ። በ356 ገደማ የሮም ንጉሥ ቆንስጣንዮስ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። አትናቴዎስ በዚያን ጊዜ ከመንበሩ ተሰድዶ ነበር። ንጉሡም ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ፣ የአርዮስን ትምህርት በሚከተለው በጊዮርጊስ ፊት እንዲመረመር ጠየቀ። ጥያቄው የሹመት ክርክር ብቻ አልነበረም። አርዮስ ወልድ ፍጡር ነው ይል ነበር፤ በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ግን ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ መሆኑን መስክረው ነበር። ክርስቶስ ፍጡር ቢሆን ኖሮ ፍጡር ፍጡርን ሊያድን ባልቻለም፤ የአክሱም ሰዎችም አንዱን ጣዖት ትተው ሌላ ፍጡር ባመለኩ ነበር። ያን ጊዜ ከዓለም ነገሥታት ሁሉ ከሚበልጡት አንዱ በደብዳቤ ያዘዘ ቢሆንም የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በኒቅያ ምስክርነት ጸንታ ቀረች። ትንሿ የነጋዴዎች ጸሎት ቤት ያፈራችው ፍሬ ይህን ነፋስ ቻለ።

7ኛ. ለእኛ የሚሆን ትምህርት

ከዚህ ታሪክ ስናነብ ብዙ ጊዜ ራሳችንን በፍሬምናጦስ ስፍራ እናስቀምጣለን። በደጋው ያለን ማኅበራት ግን ስፍራችን ይበልጡን የእስክንድርያ ስፍራ ነው። ወደ ባሕር ዳርቻ የወረዱት ወገኖቻችን ናቸው የነጋዴዎቹን ስፍራ የያዙት። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ከእነርሱ አንዱ መጥቶ፣ በዚያ ተሰብስበን እንጸልያለን፣ የሚያስተምረን ግን የለም ቢለን፣ መልሳችን ምንድር ነው? አትናቴዎስ የተረፈውን ሰው አልላከም፤ ከሁሉ የሚሻለውን ላከ።

ወጥተው የሄዱትን ስማቸውን ከጸሎታችን እንዳንፋቅ። ጅቡቲ የሚኖረው ልጃችን ገንዘብ በላከ ጊዜ ብቻ የሚታወስ ከሆነ በድለነዋል። ደብዳቤ እንጻፍለት፤ በዚያ ካሉት ምእመናን ጋር እናገናኘው፤ ለዕረፍት ሲመጣ በማኅበሩ ፊት አቁመን ኑሮውን እንጠይቀው። በዚያ ያላችሁትም ወገኖች፣ ሦስትም ሁኑ አራት፣ መሰብሰብን አትተዉ፤ ሥራችሁንም በታማኝነት ያዙ።

ከዚህ ጋር ጎረቤቶቻችሁን አክብሩ። የጅቡቲ ሰዎች አብዛኞቹ እስላሞች ናቸው። በ615 ገደማ ከመካ ተሰድደው የመጡትን የመጀመሪያዎቹን እስላሞች ያስጠጋው ክርስቲያኑ የአክሱም ንጉሥ እንደ ነበረ እነርሱ እስከ ዛሬ አይረሱም። መልካም ሥራ ከአንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት በኋላም ይታወሳልና፣ እናንተም የሚታወስ መልካም ሥራ ሥሩ።

ወደቦች ለደጋው ፍሬ መስጠታቸውንም እናስብ። ኦኔሲሞስ ነሲብ በሕፃንነቱ ተሸጦ በምጽዋ ነጻ የወጣ ልጅ ነበረ፤ በዚያም ከስዊድን ወንጌላውያን መልእክተኞች ተምሮ በ1872 ተጠመቀ። ከአስቴር ጋኖ ጋር ሠርቶ በ1899 ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታተመ፤ በ1904ም ወደ ወለጋ ተመልሶ ወገኖቹን አስተማረ። በባሕር ዳር በአንድ ምርኮኛ ልብ የተዘራው ዘር በደጋው መከር ሆነ። ስለዚህ በባዕድ ከተማ ያለውን ትንሽ ማኅበር የሚንቅ ሰው አይኑር። እግዚአብሔር የተበተኑትን ይጠብቅ፤ እኛንም የምንልክ ያድርገን።

ለጥናት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአንጾኪያና በአክሱም ወንጌልን አስቀድመው ያመጡት ምን ዓይነት ሰዎች ነበሩ? ሁለቱን ታሪኮች አስተያዩ።
2. ፍሬምናጦስ ሥልጣን ሳለው ሕዝቡን ከማስገደድ ይልቅ ክርስቲያኖችን መሰብሰብን ለምን ያስቀደመ ይመስላችኋል?
3. የኤዴስዮስ አገልግሎት ምን ነበር? ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው እግዚአብሔርን በምን ያገለግላል?
4. መስቀል በገንዘብ ላይ መታተሙ ምን አሳየ? ምንስ ሳይሠራ ቀረ?
5. ከማኅበራችሁ ወደ ሌላ ከተማ የሄዱትን በስም ቍጠሩ። ባለፈው ዓመት ከመካከላቸው ለስንቶቹ ጻፋችሁ?