ቡና፣ ዝንጅብልና ሚጥሚጣ ያከሳሉ?

ጥያቄ፦ ሚሌ ከተማ፣ የጅቡቲ መንገድ ዳር ምግብ ቤት አለኝ። ውዬ የማመሸው ተቀምጬ ስለሆነ ወፍሬያለሁ። በባዶ ሆዴ ዝንጅብልና ቀረፋ የፈላበት ሻይ፣ ከዚያ ቡና እየደጋገምኩ ብጠጣ፣ ምግቤ ላይም ሚጥሚጣ ባበዛ እከሳለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ ብቻ አይከሱም። ካፌይን ሰውነት የሚያቃጥለውን ጉልበት ለጥቂት ሰዓት ከፍ ማድረጉ እውነት ነው፤ ሚጥሚጣን የሚያቃጥል የሚያደርገው ካፕሳይሲንም እንዲሁ። ትርፉ ግን ትንሽ ነው፤ ቡና ለለመደ ሰው ደግሞ እየቀነሰ ይሄዳል። ዝንጅብልና ቀረፋ ለሻይ ጥሩ መዓዛ ናቸው እንጂ ስብ አያቀልጡም።

እኔን ያሳሰበኝ ያልጠቀሱት ስኳር ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ካሎሪ ገደማ አለው። በየስኒው 3 ማንኪያ እየጨመሩ በቀን 6 ስኒ ሻይና ቡና ቢጠጡ ወደ 290 ካሎሪ ይሆናል። ቅመሙ አቃጠለ የሚባለውን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በቀትር ሙቀት የሚከፈተው ባለ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳም 30 ግራም ያህል ስኳር ይዟል። በላብ የሚቀንሰው ኪሎም ውሃ ነው፤ ሲጠጡ ይመለሳል፣ መመለስም አለበት።

ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም፣ ለነፍሰ ጡር እስከ 200 ሚሊ ግራም ካፌይን አይጎዳም ይባላል። ጨጓራ ካለብዎት ግን በባዶ ሆድ ቡናውንም ሚጥሚጣውንም ይተዉ።

ከዛሬ ጀምሮ ስኳሩን በየሳምንቱ አንድ ማንኪያ ይቀንሱ፣ በለስላሳው ፈንታ ውሃ ይጠጡ፣ ፀሐይዋ ስትበርድ በእግርዎ ይሂዱ። ደም ግፊትዎንና የደም ስኳርዎንም ጤና ጣቢያ ሄደው ይለኩ።