ማገድና መሸሸግ፦ የድረ ገጽ ማጣሪያ ዳታ የሚቆጥበው መቼ ነው?

አንድ ድረ ገጽ ሲከፈት በቅድሚያ የሚደርሰን የገጹ ጽሑፍና መዋቅር የሰፈረበት ፋይል ነው። ብሮውዘሩ ይህን ፋይል እያነበበ በውስጡ ለተጠቀሱት ምስሎች፣ ቪዲዮዎችና ስክሪፕቶች ለየብቻ ጥያቄ ይልካል። ማስታወቂያዎች ብዙውን ጊዜ የሚመጡት ከሌላ ሰርቨር ነው።

የማስታወቂያ ማገጃ ፕሮግራም የእያንዳንዱን ጥያቄ አድራሻ ከያዘው ዝርዝር ጋር ያመሳክራል፤ አድራሻው በዝርዝሩ ከተገኘ ጥያቄው ሳይላክ ይቀራል። ለምሳሌ እያንዳንዳቸው 2 ሜጋባይት ማስታወቂያ የሚያወርዱ 100 ገጾች ቢከፈቱ፣ ከተገዛው ዳታ 200 ሜጋባይት ይተርፋል ማለት ነው።

በአንጻሩ፣ አስቀድሞ የወረደን ምስል ከዓይን መሸሸግ ብቻ ዳታ አይቆጥብም፤ ሒሳቡ ተከፍሏልና።

ልዩነቱን ለማረጋገጥ በኮምፒዩተር ብሮውዘር የኤፍ12 ቁልፍን ተጭነው «ኔትወርክ» የሚለውን ክፍል ይክፈቱ። ማገጃውን አንዴ አጥፍተው፣ አንዴ አብርተው የወረደውን መጠን ያነጻጽሩ።