የሞተር ውሃ ፓምፕ አመራረጥ፤ ከሁሩታ እስከ ሶማሌ ተራ

በምህንድስና የሚማር ተማሪ ስለ ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ቢጠየቅ ቀመሩን በሰሌዳ ላይ ለመጻፍ አይቸገርም። ነገር ግን በአርሲ፣ በሁሩታ ከተማ፣ ስንዴ የጫነ የአይሱዙ ባለቤት «ፓምፑ ማፍሰስ ጀመረ፤ የትኛውን ልግዛ?» ብሎ ቢጠይቀው ቀመሩ ብቻውን አፍ አያስከፍትም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቀመሩንና የገበያውን ዕውቀት ማገናኘት ነው።

በመጀመሪያ አገሩን እንይ። ሁሩታ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 80 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ነው። ብዙ ቴርሞስታቶች ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው መካከል ይከፈታሉ። እንግዲህ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የማይዝ ከሆነ፣ ሞተሩ በደኅና በሚሠራበት ሙቀትና ውሃው በሚፈላበት ሙቀት መካከል የቀረው ጥቂት ዲግሪ ነው። ክዳኑ 0.9 ባር የሚይዝ ቢሆን ግን የመፍያው ነጥብ ወደ 115 ዲግሪ ይወጣል። በፓምፑ ውስጥ ደግሞ ውሃው በሚሳብበት በኩል ግፊቱ ይቀንሳል፤ በዚያ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠርና ግፊቱ ከፍ ወዳለበት ሲደርስ በኃይል ይፈርሳል፤ ብረቱንም ምስጥ እንደ በላው እንጨት ይቦረቡረዋል። ካቪቴሽን የሚባለው ይህ ነው። ስለዚህ ክንፉ የተቦረቦረ ፓምፕ ያየ ሰው ፓምፑን ከመርገሙ በፊት ክዳኑን ይመርምር፤ ክዳን ከፓምፕ እጅግ ይረክሳልና።

መንገዱም የራሱ ፈተና አለው። ስንዴውን ጭኖ በኢተያና በዴራ በኩል ወደ አዳማ የወረደው መኪና ማዳበሪያ ጭኖ ሽቅብ ይመለሳል። በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ሲወጣ በራዲያተሩ ፊት የሚያልፈው ነፋስ አነስተኛ ነው፤ አየሩም ስስ ነው። ሸክሙ ሁሉ በቬንቲላተሩና በፓምፑ ላይ ይወድቃል።

ሸክሙ ምን ያህል ነው? 60 ኪሎዋት ገደማ የሚሰጥ የናፍታ ሞተር ለውሃው የሚያስተላልፈው ሙቀት 40 ኪሎዋት ነው እንበል። ውሃው ወደ ሞተሩ ሲገባና ከሞተሩ ሲወጣ ያለው ልዩነት 6 ዲግሪ እንዲሆን ከተፈለገ፣ 40ን ለ4.2 እና ለ6 ብዜት ብናካፍል በሰከንድ 1.6 ሊትር፣ በደቂቃ 95 ሊትር ያህል እናገኛለን። ፍሰቱ በግማሽ ቢቀንስ ልዩነቱ 12 ዲግሪ ይሆናል፤ ከላይ እንደ ተባለው ደግሞ ለጨዋታ የሚተርፍ ዲግሪ የለንም። አሁን በመልክ የሚመሳሰል፣ ነገር ግን የክንፉ ስፋት በ10 በመቶ ያነሰ ፓምፕ ተገዛ እንበል። ፓምፑ የሚሰጠው ግፊት ከስፋቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ወደ 81 በመቶ ይወርዳል። ገዢው ግን ቡሎኖቹ ልክ ስለ ገቡለት «ልኩ ነው» ብሎ ደስ ይለዋል።

ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመው በትእዛዙ ወረቀት ላይ ነው። «ካዱ» በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1967 ከተቋቋመ ወዲህ ትራክተር ለአርሲ ብርቅ አይደለም (ትራክተሩ ስንቱን ጭሰኛ እንዳፈናቀለ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል)። ታዲያ «ለማሲ ፈርጉሰን 165 የውሃ ፓምፕ» ብሎ ወደ አዲስ አበባ መላክ ምንም እንዳልላኩ ይቆጠራል። ይህ ትራክተር ቀድሞ በፐርኪንስ 4.203፣ ኋላም በ4.212 ሞተር ተሠርቷልና። የመጀመሪያው አኃዝ የሲሊንደሩን ብዛት፣ ቀጣዩ በኩቢክ ኢንች የሞተሩን ይዘት ይናገራል፤ ሁለቱ ሞተሮች ዘራቸው ስለሚለያይ የአንዱ ፓምፕ ለሌላው አይሆንም። በአይሱዙም ቢሆን የመኪናው ስም አይበቃም። መጻፍ ያለበት በሞተሩ አካል ላይ የተቀረጸው ቁጥር፣ ከተገኘም በአሮጌው ፓምፕ ላይ ያለው የመለዋወጫ ቁጥር ነው። ከዚህ ጋር አሮጌው ተፈትቶ ይለካ፤ ይኸውም ከሞተሩ ጋር ከሚገጥምበት ፊት እስከ ፑሊው መቀመጫ ያለው ርቀት፣ የቡሎኖቹ አቀማመጥ፣ የክንፉ ስፋትና የሚዞርበት አቅጣጫ ነው። የፑሊው መቀመጫ በጥቂት ሚሊሜትር ቢሳሳት ቺንጋው አጋድሎ ይሮጥና የአዲሱን ፓምፕ ኩሽኔታ በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል።

ከማን ይገዛ? በመርካቶ ሶማሌ ተራ የሚታየው ዕቃ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው በመኪናው ፋብሪካ ስም የታሸገው ነው። ሁለተኛው ለፋብሪካው በሚያቀርበው ወይም በታወቀ የፓምፕ ሠሪ ስም የሚሸጠው ነው፤ ለምሳሌ አይሲን ለቶዮታ ያቀርባል፣ በራሱ ስምም ለገበያ ያወጣል። ሦስተኛው ሠሪው የማይታወቀው ነው። በእኔ አስተያየት ለሁሩታው ሰው የሚበጀው ሁለተኛው ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመጀመሪያውን መግዛት ለብዙው አቅም ይከብዳል፤ ሦስተኛው ደግሞ ቢበላሽ የሚያስከትለው የቴስታታ መጣመም ከቆጠበው ገንዘብ ይበልጣል። በካርቶን ላይ «አይሶ 9001» ስለ ተጻፈ ብቻ አትመኑ፤ ይህ መለያ ስለ ፋብሪካው የአሠራር ሥርዓት እንጂ በእጃችሁ ስላለው ፓምፕ አይመሰክርም። ይልቅስ ፓምፑን በእጅ አዙሩት። ዘንጉ ሳይንገጫገጭ ይዙር፤ ክንፉ አካሉን አይንካ፤ ጓርኒሲዮኑ የሚያርፍበት ፊት ጭረት አይኑረው።

አራተኛም መንገድ አለ። የአሮጌው ፓምፕ አካል ደኅና ከሆነ ኩሽኔታውንና ሲሉን ብቻ መቀየር ይቻላል። ጥሩ ባለ ሙያ ከተገኘ ይህ ከማይታወቅ አዲስ ፓምፕ ይመረጣል፤ ነገር ግን ክንፉ ተመልሶ ሲገጠም ከአካሉ ጋር ያለው ክፍተት እንደ ቀድሞው መሆን አለበት፤ ከሰፋ ውሃው ወደ ኋላ ይመለሳል።

ከገጠማ በኋላ የጉድጓድ ውሃ ብቻ አይሞላ። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ የሚበዛው ፍሎራይድ ጉዳቱ ለጥርስ ነው፤ ፓምፑን የሚጎዳው ሌላው ማዕድን ሲሆን እየተጋገረ ሲሉን ይፍቃል። የተጣራ ውሃ ወይም ንጹሕ የዝናብ ውሃ ከኩላንት ጋር ይደባለቅ። በፓምፑ ሆድ ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳም ማንም እንዳይደፍናት። ሲሉ ሲያረጅ ውሃው በእርሷ በኩል ይንጠባጠባል፤ ከተደፈነች ግን ውሃው ወደ ኩሽኔታው ይገባና ፓምፑ በመንገድ ላይ ይነክሳል፤ ያን ጊዜ ቺንጋው ተበጥሶ መኪናው ከነጭነቱ በዴራ ዳገት ይቆማል።