ስለ ፌስታል፤ ለባለሱቆችና ለአስመጪዎች የቀረበ አጭር ትምህርት

በመርካቶ ገበያ ከሁሉ አብልጦ የሚዘዋወር፣ ነገር ግን በነጋዴው የሒሳብ መዝገብ ስሙ እምብዛም የማይገኝ አንድ ዕቃ አለ። ይኸውም ፌስታል ነው። ደንበኛው በርበሬም ይግዛ ሸሚዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ዋጋ ይጨመርለታል፤ ያለ ዋጋ የተገኘ ነገርም ሩቅ ሳይሄድ ይጣላል።

ፌስታል ዕድሜው አጭር ነው። ዛሬ በእጃችን የምንይዘውን ባለ ማንጠልጠያ ስስ ከረጢት የፈለሰፈው ስቴን ጉስታፍ ቱሊን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ የፈጠራው መብት በአሜሪካ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ከዚያ በፊት አባቶቻችን በዘንቢል፣ በስልቻ፣ በአቁማዳና በጆንያ ሲነግዱ ኖረዋል፤ ስኳርና ቡናም በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይሸጥ ነበር። (ዛሬ «ማዳበሪያ» እያልን እህል የምንጭንበት ከረጢትም ስሙን ያገኘው ቀድሞ ይዞት ከመጣው ዕቃ ነው፤ የገበያ ቋንቋ ዕቃን እንጂ ፋብሪካን አያስታውስም።)

በአገራችን ስለዚህ ነገር የወጣው የመጀመሪያው ሕግ የ1999 ዓ.ም. የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ነው። ይህ አዋጅ ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆነውን ፌስታሎች ማምረትንና ማስገባትን ከልክሎ ነበር። ክልከላው ለምን በገበያው ላይ ሳይታይ እንደ ቀረ ለመረዳት ሚዛን ማንሣት ይበቃል። ወርዱ 30፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፌስታል ሁለቱ ገጹ ሲደመር 2,400 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትር ከሆነ ክብደቱ ወደ 6.6 ግራም፣ መቶው ደግሞ ወደ 660 ግራም ይደርሳል። መቶው ከዚህ ካነሰ ስስ ነው ማለት ነው። አስመጪው ይህን ሊያሰላ ይችላል፤ ችርቻሮ ሻጩ ግን ወረፋ በያዘ ደንበኛ ፊት ውፍረት ሊለካ አይቻለውም፤ ተቆጣጣሪውም እንደዚያው።

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ አዋጅ ግን የፕላስቲክ ከረጢትን ማምረትን፣ ማስገባትን፣ መሸጥንና መጠቀምን ይከለክላል። ይዞ የተገኘ ግለሰብ እንኳ ከብር 2 ሺህ እስከ 5 ሺህ ይቀጣል፤ በአምራችና በሻጭ ላይ ያለው ቅጣት ከዚህ እጅግ ይከብዳል። እያንዳንዱ ነጋዴ የአዋጁን ቅጂ ገዝቶ በመደብሩ ቢያኖር መልካም ነው፤ በወሬ የሚያዝ ሕግ ኪሣራ ያስከትላልና።

አሁን ወደ በጎ ፈቃደኞቹ እንምጣ። በአዲስ አበባ ሰፈርን በጋራ ማጽዳት አዲስ ነገር አይደለም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተማይቱን ካጠቃ ወዲህ፣ ኅዳር 12 ቀን እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ጥራጊውን ሰብስቦ ያቃጥላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ይህ ነው። ያን ጊዜ የሚቃጠለው ገለባና ቅጠል ነበር። ዛሬ ከጥራጊው ጋራ ፌስታል ስለሚገባበት፣ ጢሱ ራሱ ለሳምባ ጠንቅ ሆኗል። በክረምትም ወጣቶች በፈቃዳቸው ወጥተው የጎርፍ መውረጃ ቦዮችን ይጠርጋሉ። የሚያወጡትን ነገር ላስተዋለ ግን አንድ የንግድ ትምህርት አለበት። ሃይላንድ እያልን የምንጠራው የውሃ ጠርሙስ በቦዩ ብዙ አይቆይም፤ ቆራሌው ለቅሞ ወደ ምናለሽ ተራ ይወስደዋል፤ ዋጋ አለውና። ፌስታል ግን ጭቃና ዘይት የነካው፣ ክብደት የሌለው ስለሆነ ገዢ የለውም። ዋጋ የሌለውን ነገር የሚያነሣው በጎ ፈቃደኛ ብቻ ነው፤ እርሱም ቅዳሜ ያነሣውን ሰኞ ከየሱቁ ይተካበታል። የጽዳት ዘመቻ ብቻውን መፍትሔ ሊሆን የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው። ከተማችን ቆሻሻን ከዓይን በማራቅ ብቻ የተከማቸው ክምር ምን እንደሚያደርስ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ አይታለች፤ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ።

የውጭ አገሮችም ልምድ ይህንኑ ያሳያል። ባንግላዴሽ ፌስታል የጎርፍ መውረጃዎችን ስለ ዘጋባት እ.ኤ.አ. በ2002 ከአገሮች ሁሉ ቀድማ ከለከለች፤ ነገር ግን ቁጥጥሩ ስለ ላላ ፌስታል ወደ ገበያው ተመለሰ። አየርላንድ በዚያው ዓመት አልከለከለችም፤ በእያንዳንዱ ፌስታል ላይ 15 ሳንቲም ቀረጥ ጣለች፤ አጠቃቀሙም ከመቶ 90 በላይ ቀነሰ። ደንበኛው በነጻ ሲሰጠው የማይከለክለውን፣ ሲከፍልበት «ይቅርብኝ» ይላል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኬንያም በ2017 በጥብቅ ከልክለዋል፤ ወደ ኪጋሊ ወይም ወደ ናይሮቢ የሚጓዝ ነጋዴ ናሙናውን በፌስታል ጠቅልሎ ባይሄድ ይሻለዋል።

በምትኩ ምን ይያዝ? በአዲስ አበባ ተኪ የተባለው ድርጅት መስማት የተሳናቸው ሴቶች የሚሠሩትን የወረቀት ከረጢት ያቀርባል፤ ለደረቅ ዕቃ የሚበቃ ነው። ለሥጋና ለእርጥብ ነገር ግን ወረቀት አይመችም፤ ደንበኛው ዕቃ ይዞ ቢመጣ ይመረጣል። አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። ጨርቅ እየመሰለ የሚሸጥ፣ ሳይሸመን የተጣበቀ ከረጢት አለ፤ እርሱም ፖሊፕሮፒሊን፣ ማለት ፕላስቲክ ነው። አስመጪው ከማዘዙ በፊት ከናሙናው ጥቂት ነቅሎ ከመደብሩ ውጭ በክብሪት ይለኩሰው፤ ጥጥ እንደ ወረቀት እየሸተተ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ፕላስቲክ ግን ተኮማትሮ ይቀልጥና ሲበርድ እንደ ዶቃ ይደርቃል። ከዚህም ሌላ የፌስታል ጥሬ ዕቃ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ሲሆን፣ ጥጥ ግን በአገራችን ይበቅላል።

ከሁሉ የሚከብደው በየመተላለፊያው ፌስታል እያዞሩ የሚኖሩት ልጆችና እናቶች ጉዳይ ነው። በዚህ ላይ ሕግም ዘመቻም ብዙ አልተናገረም። እነዚህ ሰዎች ሥራውን የመረጡት ትንሽ ገንዘብ ስለሚያስጀምረውና ዕለቱን ስለሚመለስ ነው፤ የጨርቅ ከረጢት ግን በዚያ ገንዘብ ጥቂት ብቻ ይገዛል። ስለሆነም የጨርቅ ከረጢት የሚያከፋፍል ነጋዴ ለሚያውቃቸው አዟሪዎች ጠዋት ሃያ ወይም ሠላሳ ፍሬ በዱቤ ሰጥቶ፣ ማታ የተሸጠውን ሒሳብ ተቀብሎ ያልተሸጠውን ቢመልስ፣ ለሁለቱም ወገን ያዋጣል። ለዚህ የሚያስፈልገው አራት ዓምድ ያለው ደብተር ነው፤ ስም፣ የተሰጠ፣ የተመለሰ፣ የተከፈለ።