የሚወዛወዘው ቁምሳጥን

ጥያቄ፦ በካርቶን ታሽጎ የመጣ ባለ ሁለት በር የችፑድ ቁምሳጥን አለኝ። ቤት ስንቀይር ፈትተን እንደገና ከገጠምነው ወዲህ በሩን በከፈትኩ ቁጥር ወደ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ብሎኖቹን ባጠብቅም ለውጥ የለውም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከጀርባው ነው። ያቺ ስስ የጀርባ ሰሌዳ አቧራ መከላከያ ብቻ አይደለችም፤ ሳጥኑ እንዳይንጋደድ የምትይዘው እሷ ናት። ልብሱን ያውጡና ከሰው ጋር ሆነው ቁምሳጥኑን በፊቱ ያስተኙት። ከላይኛው አንድ ማዕዘን እስከ ተቃራኒው የታችኛው ማዕዘን በሜትር ይለኩ፤ ሌላውንም እንዲሁ። ልኬቶቹ እኩል ካልሆኑ ተንጋዷል ማለት ነው። የጀርባውን ሚስማሮች ነቅለው፣ የረዘመውን አቅጣጫ ማዕዘኖች ወደ ውስጥ ይግፉ፤ ልኬቱ እኩል ሲመጣ ጀርባውን በየ10 ሳንቲሜትሩ በአጫጭር ብሎን ያስሩት። ሚስማር ችፑድ ላይ ቶሎ ይላላል።

ዝም ብሎ የሚዞር ብሎን ካለ ግን አያጥብቁት፤ ቀዳዳውን ይበልጥ ያሰፋዋል። ስቴኪኒ በእንጨት ኮላ እየነከሩ ቀዳዳው እስኪሞላ ይጠቅጥቁና የተረፈውን ይቁረጡ። በማግስቱ ሲደርቅ ብሎኑን በእጅ ካቻቪቴ ቀስ ብለው ይመልሱት። በትራፓኖ ከሆነ መልሶ ይፈረፈራል።

በመጨረሻ ላዩን በኤል ቅርጽ ብረት ከግድግዳው ጋር ያያይዙት፤ ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ በፊሸር። ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ ካለ ይህን ለነገ አያሳድሩት፤ መሳቢያ ላይ የተንጠለጠለ ልጅ ቁምሳጥኑን በላዩ ሊጥለው ይችላል።